አያ ላቀውና የመሰላል ቁልቁለት

አያ ላቀው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወር በላይ ቆይቶ ነው። ባሕር ዳር በምሠራበት የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ፣ ከፍኖተ ሰላም መድኃኒት ሊረከብ የመጣ ባልደረባ ከእኔ ጋር ካርቶን እየቆጠረ ወሬ ይነግረኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አስፋልቱ፣ ማን ተዛወረ ማን አገባ ተባባልን። ከዚያ እንደ ዋዛ፣

«ያ ብስክሌተኛው ሽማግሌም አረፈኮ። አንቺ ታውቂው የለም?» አለኝ።

«አያ ላቀው?»

«አዎ፣ ላቀው። እግሩን የሚያነክሰው። ግንቦት ላይ ነው።»

 ቆጠራዬን ቀጠልኩ። ሃያ ምናምነኛው ካርቶን ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋብኝ። ባልደረባዬ «ደክሞሻል» ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ውጭ ወጥቼ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ «እግሩን የሚያነክሰው» ያለው ነገር ነው። ሰውየው የሚታወቁት በዚያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። እኔ የማውቃቸው ግን በሌላ ነበር።

የተዋወቅነው እኔ ገና ከነርስነት ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። አገሬ ወሎ ነው። ዕጣ አውጥቼ ምዕራብ ጎጃም ደረሰኝ። ያኔ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ይከፈታል፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ግን ገና አልተከፈተም። የእኛው ከፈረስ ቤት ደጋ ጠርዝ ሥር፣ ሸለቆ ውስጥ ነበር። በበጋ መኪና ዞሮ ዞሮ ይደርስልናል። ክረምት ሲገባ ጭቃው መንገዱን ይዘጋና የቀረን አንድ መውረጃ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው «መሰላል» ይለዋል። ውሃ የጠረበው፣ ደረጃ ደረጃ የሆነ የድንጋይ ቁልቁለት ነው። አንዳንዱ እርከን እስከ ጉልበት ይደርሳል። በቅሎ እንኳ ጭነቷ ተራግፎላት ነው የምትወርደው።

በተመደብኩ በሁለተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። «አያ ላቀው መጡ» አለች አንዷ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከመሰላሉ አናት አንድ ሰው በብስክሌት እየወረደ ነው። መጀመሪያ የወደቀ ሰው መሰለኝ። ኋላ ግን አየሁ፤ አይወድቅም። ኮርቻው ላይ አልተቀመጠም። ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ብስክሌቱ ከሥሩ እንደ ፍየል እየዘለለ፣ ከትከሻው በላይ ግን ውሃ የተሸከመ ሰው ይመስል ጸጥ ብሎ ይወርዳል። እርከኑ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይቆማል፣ የፊቱን ጎማ ቀለል ያደርጋል፣ ይወርዳል። ደግሞ ሌላው እርከን።

ታች ሲደርሱ አየኋቸው። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ደቃቃ፣ ካኪ ኮት የለበሱ፣ ሱሪያቸውን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በገመድ ያሰሩ ሰው ናቸው። ራሳቸው ላይ ከየት እንዳገኙት የማይታወቅ የሞተረኛ ቆብ አጥልቀዋል። አላነጋገሩኝም። ከኋላ የታሰረውን የክትባት ሣጥን ፈትተው ከፈቱና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። በረዶውን ዳሰሱት።

«አልቀለጠም» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ቆባቸውን አወለቁ። «እንደምን ዋሉ ሲስተር?»

እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሰላምታቸው ከበረዶው ቀጥሎ ነበር።

ብስክሌቱን ያገኙት እንዲህ ነው። በውሃ ጉድጓድ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለመሥሪያ ቤታቸው ትቶት ሄደ። ጎማው ወፍራምና ጥርሳም ነው፤ የፊቱ ሹካ ላይ ሲጫኑት የሚረግብ፣ እንደ መኪና ያለ ሞላ አለው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሞከረው ሁሉ «ይከብዳል» ብሎ መለሰው። አያ ላቀው ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ መድኃኒት መጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ፍኖተ ሰላም አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ቤታቸው ደጅ ላይ ብስክሌት ይጠግናሉ። «ክትባቱን በክረምት እኔ ላድርስ» ብለው ራሳቸው ጠየቁ። ኃላፊዎቹ ሳቁ አሉ። አንድ ክረምት ይሞክሩ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀም።

ለስብሰባ ፍኖተ ሰላም ስወጣ እቤታቸው ነበር የማርፈው። ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል እንግዳ ሲመጣባቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ ደግሞ አያ ላቀው ብስክሌቱን ሲያሰናዱ ማየት እወድ ነበር። ለእያንዳንዱ ጉዞ እንደ አዲስ ነው የሚያዘጋጁት። መጀመሪያ ሣጥኑን በመድኃኒቱ ልክ ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ይጭኑታል። ከዚያ ኮርቻው ላይ ይወጡና እኔን የፊቱን ሹካ እንዳይ ከጎማው ፊት ለፊት ያስቀምጡኛል።

«ሞላው ስንት ጣት ወረደ?»

«ሦስት ጣት ይሆናል፣ አያ ላቀው።»

«በዛ። ቁልቁለት ላይ በአፍንጫዬ ይደፋኛል» ብለው ወርደው ሞላውን ያጠብቁታል። እንደገና ይወጣሉ። «አሁንስ?»

«አንድ።»

«አነሰ። እጄን ይሰብረኛል።» ሁለት ጣት እስኪሆን ድረስ እንዲህ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንድ ቀን ሙሉ ሊፈጅባቸው ይችላል።

ጎማውንም እንደ መንገዱ ነው የሚነፉት። አስፋልቱ ላይ ጠጠር እስኪመስል ያጠነክሩታል። ከመሰላሉ አናት ሲደርሱ ቁጭ ብለው ያስተነፍሱታል፣ በአውራ ጣታቸው እየጫኑ። «የጠገበ ጎማ ድንጋይ ሲያይ ይዘላል፤ ትንሽ ያስራቡት ግን ድንጋዩን ይጨብጣል» ይላሉ። ኮርቻውንም እዚያው ዝቅ ያደርጉታል። የፍሬኑን መያዣ አንድ ጣት ብቻ እንዲበቃው አድርገው አዘንብለውታል፤ ሌሎቹ ጣቶች እጀታውን መያዝ አለባቸውና። ሣጥኑን ደግሞ አሮጌ የውስጥ ጎማ ቀደው በሠሩት ማንጠልጠያ ያስሩታል፤ ብልቃጦቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጎማውን ሽቦዎች ሲያቃኑ ነው። በልጅነታቸው ዜማ ተምረዋል። ድጓ ጀምረው አባታቸው ሲሞቱ ነው ትምህርቱን ጥለው ወደ እርሻ የተመለሱት። ቸርኬውን አንጠልጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየመቱ ያዳምጣሉ። የአንዱ ድምፅ ሲወርድባቸው ፊታቸው ይኮሳተራል። «ይኸ ከጓደኞቹ አልተስማማም» ብለው ሩብ ዙር ያጠብቁታል። እንደገና ይመታሉ። ሁሉም አንድ ድምፅ ሲሰጡ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። አንድ ጊዜ በሌላ ሰው የተቃና ጎማ አምጥተውላቸው፣ ሳይነኩት፣ ሲሽከረከር ብቻ ሰምተው «አንዱ ሽቦ ላልቷል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ንግግራቸውም እንደዚሁ ነው፤ ላይና ታች አለው። አንድ ቅዳሜ ከደጃቸው ብስክሌት ሊያሠሩ የመጡ የከተማ ጎረምሶች ተሰብስበው ያዩአቸዋል። አንዱ፣

«አያ ላቀው፣ መሰላልን ሲወርዱ ፍሬን አይዙም ይባላል። እውነት ነው?» አላቸው።

አያ ላቀው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «እኔማ ፍሬን ይዞ መቆየት መች ሆነልኝ» አሉ።

ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምስር ይለቅሙ የነበሩት እትዬ ይመኙሻል ግን ሰፌዱን አስቀምጠው ወደ ውስጥ ገቡ። ተከትያቸው ስገባ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል።

«ምነው እትዬ?»

«አንቺ ስለ ብስክሌቱ መስሎሻል» አሉኝ። «ስለ ፍሬያችን ነው የሚናገረው።»

ብርቱካን የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በአራት ዓመቷ በኩፍኝ ሞተችባቸው። ያኔ የሚኖሩት እሳቸው በተወለዱበት ገጠር ነበር። ክትባት አልመጣም እንዳይባል መጥቷል፤ ልጅቷም ተከትባለች። ግን በቅሎ ላይ ሁለት ቀን ውሎ አድሮ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ሞቆ ነበር፤ የሞቀ ክትባት ደግሞ ውሃ ማለት ነው። ይህን ከዓመታት በኋላ፣ የመጋዘን ጥበቃ ሆነው፣ ለሠራተኞች ሥልጠና ሲሰጥ በር ላይ ቆመው ነው የሰሙት።

«የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም» አሉኝ እትዬ ይመኙሻል። «በማግስቱ ብስክሌቱን ጠየቀ።»

ከዚያ በኋላ በረዶውን ሲዳስሱ ሳይ ዝም ብዬ ማየት አልችልም ነበር።

እኔንም ብስክሌት አስተምረውኛል። ከመሰላሉ ግርጌ ባለው ሜዳ፣ ቀጥሎ በመጨረሻዎቹ ሦስት እርከኖች ላይ። ኮርቻውን በቁመቴ ልክ ዝቅ አደረጉልኝ፣ የፍሬኑን መያዣ ለጣቴ አቀረቡልኝ። አንዲት እናት ቆማ «ኧረ ሲስተርን ይገድሏታል» ትላለች። ሁለተኛው እርከን ሥር አንድ ሹል ድንጋይ አለ። አምስት ጊዜ ወርጄ አምስቱንም ጊዜ እሱን ገጨሁ።

«እየፈራሁት ለምንድን ነው እሱ ላይ የምሄደው?» አልኳቸው ጉልበቴን እያሸሁ።

«እሱን ስለሚያዩት ነዋ። ብስክሌት ዓይን ወደሄደበት ነው የሚሄድ። ድንጋዩን ይተዉት፤ የሚያልፉበትን ይዩ።»

በስድስተኛው አለፍኩ። እሳቸው እንደ ሕፃን እየሳቁ አጨበጨቡ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን የማልወደውን ልናገር ነው።

ሦስተኛ ክረምቴ ላይ፣ ጎረቤት ቀበሌ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። የኛን ልጆች ቶሎ መከተብ ነበረብን። ቄሱ በቤተ ክርስቲያን አወጁልኝ፤ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ እንዲመጡ። ክትባቱ ቀድሞ መጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ፍሪጁ በላምባ ነበር የሚሠራው። በየሁለት ቀኑ ላምባ መሙላት፣ ክሩን ማጽዳት የኔ ሥራ ነው፤ የማንም አይደለም።

በዚያ ሰሞን ከወሎ የመጣች ጓደኛዬ ፈረስ ቤት አርፋ ነበርና እሷን ለማየት ወጣሁ። አንድ ቀን ብዬ ሦስት ቀን ቆየሁ። ስሄድ ላምባ አልሞላሁም። ረሳሁት እንኳ ማለት አልችልም፤ አስቤው «ስመለስ» ብዬዋለሁ። የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ጠዋት ተመልሼ ፍሪጁን ስከፍት ከውስጥ የወጣው አየር እንደ ክፍሉ አየር ሞቃት ነበር። ብልቃጦቹን ነካኋቸው። ለብ ብለዋል።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ መሰላሉን በእግሬ ወጣሁ፣ ፈረስ ቤት ደርሼ ፍኖተ ሰላም መጋዘኑ ስልክ ደወልኩ። አያ ላቀውን አገናኙኝ።

«ፍሪጁ ተበላሸ» አልኳቸው። «ክትባቱ ሞቀ።»

 መስመሩ ይጮኻል።

«ቀኑን ማዛወር አይቻልም ሲስተር? ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቧል። መሰላሉ አሁን ወንዝ ነው።»

ይቻል ነበር። ሦስት ቀን ብናዘገየው ምናልባት ምንም አይፈጠርም ነበር። ግን ቢዘገይ ለምን ዘገየ ተብሎ ይጠየቃል፤ ቄሱም፣ ቀበሌውም፣ ኃላፊዎቼም ይጠይቁኛል።

«አይቻልም» አልኩ። «ኩፍኙ ደጃችን ደርሷል።»

«እሽ። እመጣለሁ» አሉ። 

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ እናቶቹ ግቢውን ሞሉት። ዝናቡ አላባራም። ልጆቻቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆርቆሮው ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። ዓይኔ ከመሰላሉ አልተነቀለም፤ ጉም ሸፍኖታል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ፤ በእግሩ ነው። ለዝናቡ የሣር ገሳ የለበሱ ገበሬ ናቸው፤ አያ ደምሌ፣ ማሳቸው መሰላሉ ሥር ነው። የክትባት ሣጥኑን በካኪ ኮት ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«ይኸን አድርስ ብለውኝ ነው» አሉኝ። «በረዶው አልቀለጠም፣ ትከትብ ብለዋል።»

«እሳቸውስ?»

«ኸላይ አሉ። ይመጣሉ።»

«ምን ሆነው ቀሩ?»

«ብስክሌቱ ትንሽ ችግር ገጥሞት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። «ይክተቡ እንጂ ሲስተር፣ ልጆቹ በረዳቸው።»

ኮቱን ፈታሁት። ከውጭ ርሷል፣ ውስጡ ደረቅ ነው። ሣጥኑን ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። በረዶው ጠጣር ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ። መከተብ ጀመርኩ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ እናቶቹ ይመርቁኛል፣ እኔ እቀልዳለሁ። ማንም ሳያውቅብኝ ታለፈ ብዬ አሰብኩ። የመጨረሻውን ልጅ ስከትብ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መርፌውን እንዳስቀመጥኩ፣ በሩ ሥር ቆመው የቆዩት አያ ደምሌ ቀረብ አሉ።

«አሁን ልንገርዎ» አሉኝ። «አስምለውኝ ነው። የመጨረሻው ልጅ ሳይከተብ እንዳትነግራት ብለው። ወድቀዋል። እግራቸው ተሰብሯል። አጥንቱ ወጥቷል። ወንድሞቼ ኸጎናቸው አሉ፣ ገሳም አልብሰናቸዋል። መሸከም ግን አልደፈርን፣ እሷ መጥታ እግሬን ትሰርልኝ ብለው።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ። እኔ እየቀለድኩ ስከትብ፣ እሳቸው ዝናብ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተኝተዋል።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። መሰላሉ ወገብ ላይ፣ ሰፋ ያለ እርከን ጋ፣ የአያ ደምሌ ሁለት ወንድሞች ገሳቸውን በአያ ላቀው ላይ ዘርግተው ይዘዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሱት። ብስክሌቱ ከታች ድንጋይ መሐል ተሰክቷል፣ የፊቱ ጎማ ተጣሟል።

«ሁሉም ተከተቡ?» አሉኝ።

«ሁሉም።»

«በረዶውስ?»

«አልቀለጠም፣ አያ ላቀው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግራቸውን አጠብኩ፣ በእንጨት አሰርኩ። ገመዱን የቋጠሩልኝ አያ ደምሌ ናቸው። ቃሬዛ ላይ አድርገን ወደ ላይ ስንወጣ፣ ሰዎቹ እረፍት ወስደው ዞር ባሉበት፣ አያ ላቀው እጄን ያዙኝ። በጣም ቀዝቅዘዋል። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ «አንቺ» ብለውኝ አያውቁም።

«ላምባው ነው ያለቀ፣ አይደል?» አሉኝ። «ንገሪኝ፣ ልጄ። ያን ፍሪጅ ባለፈው ወር ፈትቼ አጽድቼዋለሁ። አይበላሽም።»

 አለቀስኩ።

«የሞቀ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ደግሞ አይለመድሽ። በቃ። ይኸን ሁለተኛ አናነሣውም።»

አላነሡትም። ከወር በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የተላኩ ሰዎች መጥተው በዚያ ዝናብ ለምን እንደወጡ ሲጠይቋቸው እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። «ፍሪጁ አርጅቷል። ራሴ አይቼዋለሁ» አሉ። ሰዎቹ ጻፉ። አዲስ ፍሪጅ ላኩልን። እኔ ዝም አልኩ።

እግራቸው አልተቆረጠም፤ ግን ቁስሉ ብዙ ጊዜ መገለ፣ ጉልበታቸው ደርቆ ቀረ። አይታጠፍም። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ፔዳል አይመታም። ከሆስፒታል እንደወጡ የጠየቁት ብስክሌቱን ነበር። አቃኑትና እንደገና አሳመሩት። ሞላውን በሁለት ጣት አስተካከሉት፣ ሽቦዎቹን አዳመጡ። ከዚያ ወጡበት። አንድ እግራቸው ይዞራል፣ አንዱ እንጨት ሆኖ ይንጠለጠላል። ከደጃቸው እስከ መናኸሪያው በር ድረስ እንኳ ሳይደርሱ ወረዱ። እትዬ ይመኙሻል በር ላይ ቆመው አይተዋል፤ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ብስክሌቱን እየገፉ ወስደው መጋዘን አስረክበው ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ መንገዱ ተሠራልን፣ ሞተር ብስክሌትም መጣ። መሰላልን በብስክሌት የወረደ ሰው ከእሳቸው በኋላ የለም።

እኔ ደግሞ ለተጨማሪ ትምህርት ተላክሁ፤ ከዚያ ባሕር ዳር ቀረሁ። ልሰናበታቸው ስሄድ ደጃቸው ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ የሰው ብስክሌት ሲጠግኑ ነበር።

«ትመጫለሽ?» አሉኝ።

«እመጣለሁ፣ አያ ላቀው። በየወሩ።»

ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ወደ አዲስ አበባ ስወርድ፣ ወደዚያው ለሥራ ስላክ፣ አውቶቡሱ ፍኖተ ሰላም ላይ ለቁርስ ይቆማል። ሰው ሁሉ ይወርዳል። አንድ ጠዋት በመስኮቱ አየኋቸው። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ቸርኬ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በመካከላችን የመናኸሪያው አጥርና አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ምን ብዬ ፊታቸው እንደምቀርብ አሰብኩ። ደረቁን እግራቸውን እያየሁ እንዴት ሻይ እንደምጠጣ አሰብኩ። መጋረጃውን ሳብኩት። የተሳፈረው ሁሉ በልቶ ተመለሰ፣ አውቶቡሱ ተነሣ። በሚቀጥለው ጊዜ መውረድ ይበልጥ ከበደኝ። በሚቀጥለውም። መጨረሻ ላይ ከመናኸሪያው በተቃራኒ በኩል ያለውን ወንበር እየመረጥኩ መቀመጥ ጀመርኩ።

መሞታቸውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። እትዬ ይመኙሻል ጥቁር ለብሰው፣ ጠባቡ ሳሎናቸው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። አወቁኝ። ተላቀስን። ሲረጋጉ፣ ለዓመታት ያጠናሁትን ነገርኳቸው። ፍሪጁ እንዳልተበላሸ፣ ላምባ ሳልሞላ እንደሄድኩ፣ ቀኑን ማዛወር እየተቻለ አይቻልም እንዳልኩ፣ ሲጠየቁ እሳቸው እንደሸፈኑልኝ። ሁሉንም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ነገሩዎት?»

«እሱ ከእኔ ምን ይደብቅ ነበር? ሆስፒታል እያለ ነው የነገረኝ። እኔ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም። ብዙ ጊዜ ተናድጄ ነበር። እሱ ግን ልጅ ናት፣ ሁለተኛ አይደግማትም አለኝ። ተውኩት።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩ። «በላምባው አልተቀየምንሽም። አለመምጣትሽ ነው። ጠዋት ጠዋት የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ሲቆም ሥራውን ያስቀምጥ ነበር። የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። ዛሬም አልመጣችም ይለኛል። ሥራ በዝቶባት ነው እለዋለሁ። እኔ ምክንያት ፈጥሬ ፈጥሬ አለቀብኝ። ኋላ ኋላ ዓይኑ ደከመና፣ አንቺ እይልኝ ይለኝ ጀመር።»

መጋረጃውን የሳብኩበት ጠዋት እንደነበረ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ያንን ግን አልቻልኩም። እትዬ ይመኙሻል ተነሥተው ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ሰጡኝ፤ ብርጭቆውንም እስክጠጣ ራሳቸው ያዙልኝ።